የምሽቱ ዜና በጠራራ ፀሐይ

የኢቲቪ የምሽት 2 ሰዓት ዜና ዋሽንግተን የሚደርሰው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከተማዋ ሰዓቷን ወደፊት ስታዞር ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ስትመልሰው ደግሞ ልክ በ6። አዲስ አበባ ሰዓቷን አትነካም። የዋሽንግተን ሠራተኛ ስለዚህ ዜናውን ከመኝታ በፊት ከዩቲዩብ ፈልጎ ያያል፤ አገር ቤት ያን ጊዜ ሊነጋ ነው፣ ዜናውም አድሯል። ሪያድ ያለው ተመልካች ይህ ጣጣ የለበትም፤ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ ዲሽ ከተከለም ሥርጭቱን በቀጥታ ያገኛል።

ማስታወቂያው ሌላ ጉድ ነው። የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ሜሪላንድ ሳሎን ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ምን ሊረባ? የአፓርታማው ግን በቀጥታ የሚጣራው እሱን ነው፤ ሻጩ የሚፈልገው ዶላር ነውና።