የሰኔ ጎመን ከላፍቶ ማሳ

ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ የሚወርድ ሰው ድልድይ ላይ ቆም ብሎ ወደ ታች ቢመለከት፣ በፎቆች መካከል አረንጓዴ መደቦች ያያል። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት። ከጥጋቸው የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው፤ የከተማዋን ምዕራብ እያቋረጠ ወደ አባ ሳሙኤል ይዘልቃል። በዚህ አካባቢ አትክልት ማልማት የትናንት ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከተማውን ይመግቡ ነበር።

ሰኔ ለማሳው ደግ ወር ነው። የውሃ መሳቢያው ሞተር ጸጥ ይላል፣ ዝናቡ ያጠጣል፣ የቆስጣው ቅጠል ይሰፋል፣ የሀበሻ ጎመኑ ለጋ ይሆናል። ቲማቲም ግን አይጠብቁ፤ የአዲስ አበባን ክረምት አይወድም፣ ቅጠሉ ይጠቁርና ፍሬው ይበሰብሳል። የሐዋርያት ጾምም በዚሁ ወቅት ስለሚውል፣ እስከ ሐምሌ 5 ጾመኛ ቤት ያለ ጎመን አይውልም።

የማሳ ገበያ የራሱ ሕግ አለው። ነጋዴዎቹ በኪሎ አይገዙም፤ ቆስጣው ሳይቆረጥ መደቡን እንዳለ አይተው ይዋዋሉና ራሳቸው ቆርጠው ይወስዱታል። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ለእኛ ክፍለ ከተማ ቀርቦልናል። ይሁንና ጎመኑ አንዴ ገበያ ከገባ ምን ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ የሚነግርዎ ሰው አያገኙም።

እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ጎመን ሳይ አስቀድሜ የማስበው ውሃውን ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አተት አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጤና ጣቢያ ለመጣው ሁሉ “ጥሬ አትክልት ይቅርብዎ” እያልን እንመክር ነበር። የጀርሙ ነገር ግን መላ አለው። በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል ማጠብ ብዙውን ያስወግዳል፤ የወስፋትን እንቁላል አቼቶ በቀላሉ አይገድለውም፣ ማፍላት ግን ይጨርሰዋል። ስለዚህ የተቀቀለ ጎመን ከዚህ በኩል አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ በእጥበትም በመቀቀልም የማይለቀው ነው። ወንዙ ከላይ የፋብሪካ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ፍሳሽ ተቀብሎ ነው የሚመጣው። በውስጡ ያሉት እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም አፈር ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከአፈር ወደ ቅጠል ይገባሉ። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ፍሥሐ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ቄራና ፒኮክ አካባቢ የበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምረው፣ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ እንደሚሰበስቡ አሳይተዋል። ሰኔ ውሃውን ይለውጥልን ይሆናል፤ አፈሩ ግን ያው የበጋው አፈር ነው። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ወንዙ ራሱ ማሳ ላይ ይወጣል።

ይህን ለአንድ ወጣት አምራች ስነግረው መኮትኮቻውን ተደግፎ አዳመጠኝና፣ “ሲስተር፣ ውሃውን እኮ እኛ አላቆሸሽነውም” አለኝ። እውነቱን ነው። ጎመኑን የማይገዛው ሰው ሁሉ የሚቀጣው እርሱን እንጂ ፍሳሹን የለቀቀውን አይደለም።

እኛ ስድስት ቤተሰብ ሆነን ከወንዙ ራቅና ከፍ ያለ ማሳ ያለው፣ በጋውን በጉድጓድ ውሃ የሚያጠጣ አምራች ፈልገን አገኘን። ጉድጓድ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከወንዝ ጥግ የተቆፈረ ያው ወንዙ ነው፤ ለዚህ ነው ሄደን በዓይናችን ያየነው። ግንቦት ላይ ለዘርና ለፍግ የሚሆን እንከፍለዋለን፣ ከሰኔ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ድርሻችንን እንወስዳለን። እንደ ዕቁብ ነው፤ የሚደርሰን ግን ጎመን ነው። ባለፈው ዓመት በረዶ መደቡን መትቶት ሁለት ሳምንት ካሮት ብቻ ይዘን ገባን። ገንዘቤን መልስ ያለ የለም፤ አንዷ ጎረቤቴ ግን እስካሁን ታነሣዋለች። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የልጆቻቸው ምግብ ያሳሰባቸው እናቶች ከገበሬ ጋር እንዲህ ያለ ውል ጀምረው “ቴይኬይ” ብለውታል፤ እኛ ስም እንኳ አላወጣንለትም።

ሰባት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ሰላጣ ስትወድ ለጉድ ነው። አሁን ከመጉረሷ በፊት “እማማ፣ ይሄ ከወንዙ ነው ከጉድጓዱ?” ትላለች። ከጉድጓዱ ካልሆነ ሰላጣ በቤታችን አይቀርብም። ምንጩን ባላወቅን ሳምንት ጥቅል ጎመን በድንች እንሠራለን።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ሸገርን የማስዋብ ሥራ በወንዞች ዳርቻ እየገፋ ነው። ወንዙ በእውነት ከጸዳ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀመው አምራቹ ነበር፣ መሬቱ ላይ ከቆየ። የእኛው አምራች ግን ስለ መሬቱ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ለመስቀል የሚደርሰውን ጥቅል ጎመን ባለፈው ሳምንት አፍልቷል፤ ከስድስታችን ሌላ ለሁለት ቤተሰብ የሚበቃ መደብ ትርፍ አለኝ ብሎናል።