ማይክሮፎኑና ዝተቱ

በመንዝ ደጋ ላይ ድምፅ ለመቅረጽ የተነሣ ወጣት አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሣሪያ ነው። ባለ ብዙ ቁልፉ ሚክሰርና የሚያብረቀርቀው ድምፅ ማጉያ ዓይኑን ይስቡታል፤ ያጠራቀማትን ገንዘብም በእነዚሁ ላይ ሊጨርሳት ይቃጣል። ዳሩ ግን የማሲንቆን ዜማ ወይም የአንድ አዛውንት ቀረርቶ ለመያዝ ለሚሻ ጀማሪ፣ ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ የሚቀረጽበት ቤት ነው።

የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ክፍል ድምፅን እያስተጋባ ይመልሳል። ክረምት ሲገባማ ዝናቡና በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሥራው ሁሉ ይቆማል። በጓሳ ሣር የተከደነው የቀድሞው የመንዝ ቤት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሣሩ የዝናቡን ጩኸት ያበርደዋልና። ለግድግዳውም ቢሆን መድኃኒቱ ከአገሩ አይጠፋም። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ዝተት ወፍራምና ሸካራ በመሆኑ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ተደርጎ ሲሰቀል ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። የሚያጉረመርመውን ወፍራም ድምፅ ግን አይገታውም። በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣው ስስ ስፖንጅም ቢሆን አይገታውም፤ ይህን ነጋዴው አይናገርም።

ማይክሮፎን የሚመረጠው የሚቀረጸው ነገር ከታወቀ በኋላ ነው። ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ኃይል አይጠይቅም፤ ሸለላና ፉከራ በቅርብ ሲወርድበትም አይበረግግም። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሹር ኤስ ኤም 58 እስከ ዛሬ ከመድረክ ያልጠፋው በዚሁ ጠባዩ ነው። በገና ግን ሌላ ነው። ከበግ አንጀት የተሠሩት አሥሩ አውታሮች ከእንዝራቸው ጋር ሲነካኩ የሚሰጡት ንዝረት ለስላሳ ስለ ሆነ፣ ረቂቁን የሚሰማው ኮንደንሰር ይመረጣል። ኮንደንሰሩ በአብዛኛው 48 ቮልት ይፈልጋል፤ እርጥበትም አይወድም። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው የሌሊት ብርድ ወጥቶ እሳት ወዳለበት ቤት ሲገባ ጤዛ ስለሚይዘው፣ ከመክፈት በፊት ጥቂት ማቆየት ይገባል።

ለቀረው ትንሽ ይበቃል። ሁለት መግቢያ ያለው፣ ኃይሉን ከኮምፒዩተሩ የሚወስድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ቢገዛ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ የኮምፒዩተሩ ባትሪ ሥራውን ያስጨርሳል። ድምፅ ማጉያው ይቆየው፤ ለጊዜው ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ ይበቃዋል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ግድም ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት እስከ ጀርመን አገር ተሻግረው ነበር። ዛሬ መቅረጫው በአገልግል ተይዞ ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ፣ ከዓለም ከተማም ወደ ቆላው ይወርዳል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የጥንቱን ሙሾና ቀረርቶ የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል፤ ብዙ ጊዜም አይደግሙትም። ፉካሪው ድምፁን ድንገት ከፍ ሲያደርግ መቅረጫው ሞልቶ ከፈሰሰ፣ የተበላሸውን ሙሉ በሙሉ እንደ ነበረ መመለስ አዳጋች ነው። ስለዚህ መጠኑን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል እንዲጎድል ማድረግ ይበጃል። የተቀረጸውም በዚያው ቀን በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንደኛው ቅጂ በባለ ዜማው ቤት ቢሆን ለልጆቹ ይተርፋል።