በሁዳዴ አራት ኪሎ ገባሁ

ፖለቲከኞቻችን አራት ኪሎ ለመግባት ስንት ዓመት ይለፋሉ። እኔ በ55 ቀን ገባሁ፤ ያውም በጾም፣ ያውም በወገቤ በኩል። አምና ሁዳዴ ሲያዝ 81 ኪሎ ነበርኩ። በቀዳም ሥዑር ዕለት መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ ጋ ስመዘን 85 ሆኜ ተገኘሁ። «ሚዛንህ ግን ልክ ነው?» አልኩት። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ» ብሎ እጁን ለገንዘቡ ዘረጋ።

ሥጋ አልበላሁም። ወተት አልቀመስኩም፤ እንቁላል አልነካሁም። ብዙውን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልጠጣሁም። ታዲያ አራቱ ኪሎ ከየት መጣ?

(ከዚህ ቻናል የምትጠብቁት ስለ ምንዛሪና ስለ ፓርላማ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ስለ ድንች ጥብስ ነው የምጽፈው። የማይመቸው ሰው እስከ ሐሙስ ይታገሠኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍሪላንስ የሚሠራ ጋዜጠኛ ቢሮ የለውም። ካፌ፣ ታክሲና የሰው ቢሮ በር ላይ ያለ ወንበር ነው ያለው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዴን እዞራለሁ። ዘጠኝ ሲሆን የት ነኝ? ከቤቴ ሩቅ፣ አንድ ኤርትብ የሚሸጥ ልጅ አጠገብ። ውጭ አገር ላላችሁና ኤርትብ ሳይጀመር ለወጣችሁ፣ ኤርትብ ማለት ዳቦ ተሰንጥቆ በድንች ጥብስ ይሞላና ዳጣና ሚጥሚጣ ይደረግበታል። የፍስክ ከሆነ እንቁላል ይገባበታል። በጾም እንቁላሉ ይቀርና ድንቹ ይጨመራል። ላዩ ላይ አንድ ለስላሳ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሻይ ቦምቦሊኖ፣ ማታ ደግሞ ስጽፍ ከሱቅ የተገዛ ቺፕስ።

ልብ በሉ፣ ሁሉም የጾም ነው። ድንቹ የጾም ነው፣ ዘይቱ የጾም ነው፣ ስኳሩ የጾም ነው። ቀኖና አልጣስኩም። በኋላ ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው ረጅም ሳቅ ሳቁና «ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ የቆየኸው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለኤርትቡ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀልዱ እዚህ ድረስ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አባዬን የእግሩ ቁስል ማሠሪያ ሊቀየርለት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጅቡቲ መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለው ለስላሳና ዳቦ ይዞ ሃያ ምናምን ዓመት ነድቷል። ስኳር በሽታ እንዳለበት ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ አሁን ቀኝ እግሩ ላይ ያሉት ጣቶች ሦስት ናቸው። እሱን ስጠብቅ ሐኪሙ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ?» አለኝ። በማግሥቱ ቁርስ ሳልበላ ሄጄ ደም ሰጠሁ። 118። ከ100 በታች ጤነኛ ነው፤ ከ126 ጀምሮ ስኳር በሽታ ይባላል። እኔ መሐሉ ላይ ነኝ። «የአባትህን መንገድ ይዘሃል፤ ግን ገና ከከተማ አልወጣህም፤ መመለስ ትችላለህ» አለኝ። ዕድሜዬ 34 ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ እንደ አብዮት ነበር። እሑድ ማታ አወጅኩ፦ ከነገ ጀምሮ ስኳር የለም፣ ዳቦ የለም፣ የተጠበሰ ነገር የለም። ሱፐርማርኬት ገብቼ ከውጭ የመጣ አጃ፣ ለውዝ ቅቤና ስሙን የማላነበው ዘር ገዛሁ። የከፈልኩትን እዚህ አልጽፍም፤ እማዬ ይህን ቻናል ታነባለች። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሠራሁበት አንድ ተቋም ክፍያዬን ለሦስተኛ ጊዜ «በሚቀጥለው ሳምንት» አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ሁለት ኤርትብ በላሁ። ሁለተኛውን ስጀምር አልራበኝም ነበር።

አፍራሹ ግን ሁለቱ ኤርትብ አልነበሩም። «አንዴ ተበልቷል፣ ከተበላ አይቀር» የምትለው ሐሳብ ነች። በዚች ሐሳብ ያንን ሳምንት ሙሉ በላሁት። አጃው እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው የማውቀውን አንድ ሥራ ለመሥራት የወሰንኩት፤ መዘገብ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳልከለክል ማስታወሻ ያዝኩ። ምን በላሁ፣ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በፊት ምን ሆኜ ነበር። ከ21 ቀን ውስጥ 14 ቀን ኤርትብ ወይም መሰሉን በልቻለሁ። ከ14ቱ በ12ቱ እስከ ቀትር ድረስ ከሻይ በቀር አፌ የገባ ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ባለው ውስጥ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ በተኛሁ ማግሥት ይብሳል። ገንዘብ የምጠብቅበት ቀንም እንደዚያው። «ጣፈጠኝና በላሁ» የሚል አንድም መስመር የለም። ይህ በጣም ገረመኝ፤ እኔ ራሴን የምግብ አፍቃሪ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

አማርኛችን አንድ ነገር ያውቃል። «አማረኝ» ስንል አድራጊው ምግቡ ነው፤ እኛ ተቀባዮች ነን። ኤርትቡ ነው የሚያምረኝ እንጂ እኔ ምንም አላደረግኩም። ሰው አምሮትን በጉልበት ሊያሸንፈው ሲነሳ የሚሸነፈው ለዚህ ይመስለኛል። መጥበሻው ፊት ደርሰህ፣ ሽታው አፍንጫህ ገብቶ፣ ከማታ ጀምሮ ባዶ ሆድ ይዘህ የምትወስነው ውሳኔ የለም። ውሳኔው ከሰዓታት በፊት ተወስኗል፤ ቁርስ ሳትበላ ከቤት የወጣህ ጊዜ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ። ሃያ ሰዎችን አንድ ግቢ ውስጥ አስቀምጠው ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዙ የተቀናበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀናበረ አቀረቡላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ይብሉ ተባለ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ ሰዎቹ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ለመሙላት ትንሽ የቀረው ክብደትም ጨመሩ። ይበሉ የነበረውም በፍጥነት ነው።

ኤርትብ ከፋብሪካ አልወጣም፤ ልጁ ድንቹን ፊቴ ነው የሚልጠው። ስለዚህ ጥናቱን እንዳለ እሱ ላይ መለጠፍ አግባብ አይሆንም። ለስላሳውና ቺፕሱ ግን በትክክል እዚያ ምድብ ውስጥ ናቸው። ስለ ፍጥነቱ ደግሞ የራሴን ልናገር። ኤርትብ አራት ደቂቃ ነው። አንድ እፍኝ ቆሎ በሱ ዕጥፍ ጊዜ አያልቅም፤ ገብሱ ይታኘካል፣ ሽምብራው ይታኘካል፣ መንጋጋህ ይደክማል፣ መሐል ላይ ሆድህ «በቃኝ» ለማለት ጊዜ ያገኛል። የቆሎ ሱሰኛ ሆኖ የወፈረ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ካለ ይጻፍልኝ።

ስለዚህ ያደረግኩት ለውጥ ተራ ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝ ያሳፍረኛል። ቁርስ ቤቴ እበላለሁ፤ ቂንጬ ወይም የትናንት ሽሮ በእንጀራ። ቦርሳዬ ውስጥ ከላፕቶፑ ጋር ቆሎና በሶ በላስቲክ አለ። አንድ ጊዜ በሶው ፈስሶ መቅረጸ ድምፄን አበላሽቶታል፤ እሱም ወጪ ነው። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምገኝበትን ቦታ ጠዋት ነው የምወስነው። ቤት ለመድረስ ካልቻልኩ የጾም በያይነቱ ያለበት ቤት አጠገብ ቀጠሮ እይዛለሁ። በሻይዬ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ፣ አሁን አንድ ነው። አሁን በሦስት ማንኪያ ቢሰጡኝ መድኃኒት ይመስለኛል፤ ምላስ እንደዚህ ቶሎ እንደሚከዳ አላውቅም ነበር።

ለስላሳውን ያቆምኩት በሒሳብ ነው። አብዛኛው ባለ ስኳር ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 30 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን ጨርሳ አለፈች። እኔ በሙቀት ቀን ሁለት እጠጣ ነበር።

«ጤናማ ምግብ ለሀብታም ነው» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ግማሹ እውነት ነው። ፍራፍሬና ዓሣ ከደመወዝ ጋር ተጣልተዋል። የምስርና የሽሮ ዋጋ ግን ከኤርትብና ከለስላሳ ጋር ቢተያይ፣ ቢያንስ በኔ ማስታወሻ ላይ፣ ቤት የተሠራው ረክሶ ነው የተገኘው። የሚወደደው ሌላ ነገር ነው። ጊዜ። ሽሮ እንዲኖር አንድ ሰው ሽንኩርት መክተፍ አለበት። ያ ሰው በብዙ ቤት እናት ነች፣ እህት ነች፣ ሚስት ነች። ወንዱ «እኔ የቤት ምግብ ብቻ ነው የምበላው» ሲል የሌላ ሰው ሁለት ሰዓት እየቆጠረ አይደለም። እኔ በአንድ ክፍል ቤት ብቻዬን ተከራይቼ የምኖር ነኝ፤ አንድ ምድጃ አለኝ፣ መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይሄዳል። ምስር ለመቀቀል የመብራት ፕሮግራም የሚከታተል ሰው ኤርትብ ቢገዛ አልፈርድበትም።

መንግሥትም በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥን ከአልኮልና ከሲጋራ ጋር በታክስ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ጥሩ። በሌላ በኩል ለዓመታት እንደ መሠረታዊ ሸቀጥ በኅብረት ሱቅ ሲታደለን የኖረው ፓልም ዘይት ነው፤ ስቡ ግማሽ ያህሉ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት ነው። ሰውን ለመውቀስ አይደለም፤ ያለው እሱ ነበር፣ ኑግና ሰሊጥ የምታመርት አገር ውስጥ። ግን አንዱ እጅ ጤና ብሎ ታክስ ሲጥል ሌላው እጅ ምን እያደለ እንደሆነ መጠየቅ የኛ ሥራ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኤርትብ ወደሚሸጠው። መንገዴን ቀይሬ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ መውረድ ጀመርኩ፤ በሱ በኩል አላልፍም። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ተገናኘን። «ብራዘር፣ ጠፋህ! ተጣላን እንዴ?» አለኝ። በጣም አፈርኩ። ደንበኛው ነበርኩ፤ የኔ ጤና የሱ ገበያ ነው። እውነቱን ነገርኩት፤ ስኳሩን፣ የአባዬን እግር። ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔም እኮ አልበላውም» አለ። ምሳውን ከቤት ነው የሚያመጣው፤ እህቱ ነች የምትሠራለት። ጎመን በእንጀራ። ቀኑን ሙሉ ዘይት ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ድንች ጥብስ እንደማያምረው ነገረኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እንሄዳለን። አንድ ኤርትብ ለሁለት፣ በውኃ። ቆመን እናወራለን። አስቤበት፣ ቁርሴን በልቼ፣ ስለምሄድ ነው መሰለኝ፣ በጣም ይጣፍጠኛል።

ተፈውሻለሁ አልልም። ባለፈው ሐሙስ አንድ ትልቅ ቺፕስ ብቻዬን ጨርሻለሁ፤ ሌሊት ዘገባ ሳስረክብ። ልዩነቱ ዓርብ ጠዋት «ከተበላ አይቀር» አላልኩም፤ ቂንጬዬን በላሁ። ባለፈው ወር ተለክቼ 101 መጣ። ከጤነኛው መስመር ገና በአንድ ነጥብ ተቀድሜያለሁ፤ ሐኪሙ ግን ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። ክብደቴ 79 ነው። አባዬ ስደውልለት ከሰላምታ በፊት «በላህ?» ይል ነበር፤ አሁን «ምን በላህ?» ይላል። ሽሮ ስለው «ጎበዝ» ብሎ ስልኩን ለእማዬ ያቀብላል። እሱ ራሱ ለስላሳ ከተወ ስድስት ዓመቱ ነው። ጣቶቹ ከተቆረጡ በኋላ።

ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ማታ ነው። ነገ ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦሌ ቀጠሮ አለኝ፣ አካባቢው በሙሉ በርገር ቤት ነው። መብራቱ ሳይሄድ ምስሩን ልጣደው።