ጾምና የደከመ ሥጋ

ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ታናናሽ ዕጢዎች አሉ፤ ሲደክሙ የሚያመጡትን ደዌ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1855 ዓ.ም. ጽፎ ገለጠ። እኔም በዚህ ደዌ የተያዝሁ ነኝ። ጤነኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ጉበቱ ስኳር እየሠራ ደሙን ይመግባል፤ ለዚህም ከዕጢዎቹ የሚመነጨው ኮርቲሶል ይረዳዋል። የእኔ ግን ነጥፏልና ምትኩን በኪኒን እውጣለሁ፤ ጨውም ከሰውነቴ ፈጥኖ ይወጣል።

በዐቢይ ጾም አንድ ወዳጄ፥ «እንጀራውንና ሽሮውን ትተህ በጎመንና በተልባ ጹም፤ ሰውነትህ ይቀልልሃል» ብሎ መከረኝ። ምክሩ ከፍቅር ነበር፤ ነገር ግን ሥጋና ወተት በሌለበት ወራት እህልንም የተወ ሰው ምን ይቀረዋል? ጤነኛውን ረኃብ አድክሞ ያልፈዋል፤ እኔን ግን በላብ አጥምቆ፥ ዓይኔን አጨልሞ ይጥለኛል።

ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ቀንበር ያሳርፋል፤ እንግዲህ ሕግ የማረውን ሥጋ እኔ ስለ ምን እኰንነዋለሁ? በማለዳ ኪኒኔን ከቁራሽ እንጀራ ጋራ እውጣለሁ፤ ሥጋና ቅቤን ግን ከወገኖቼ ጋራ እተዋለሁ። እንደ እኔ የታመመ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፥ ቅዳሴ እስኪወጣ ብሎ ኪኒኑን አያቆይ፤ ይህ መድኃኒት ዕጢዎቹ የነፈጉትን የሚተካ ነው እንጂ ምግብ አይደለምና።