ስለ ካምቢዮ

በሀገራችን መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ጣሊያንኛ ሳይማር ጥቂት የጣሊያን ቃል ያውቃል። ካምቢዮ ለውጥ ማለት ነው፤ ማርሽ ከአካሄድ፥ ፍሪሲዮን ደግሞ ከመፋተግ የመጣ ስም ነው። ከነዚህም ሁሉ እጅግ የሚዘነጋው ካምቢዮ ነው። ጎማ ሲሳሳ ይታያል፤ ሞተር ሲታመም ይጮኻል፥ ይጨሳልም። ካምቢዮ ግን በብረት ሣጥኑ ውስጥ ተሸሽጎ በዘይት ተነክሮ ስለሚኖር፥ ብዙው ባለመኪና የሚያስታውሰው ማርሽ አልገባ ያለው ዕለት ነው። ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በቤታችን ከደረሰው ተነሥተን ስለ እርሱ ጥቂት እንጽፍላችኋለን።

ከአባታችን የወረስናት መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የተሠራች ባለ አራት ማርሽ ቮልስ ናት። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 3.80 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በሁለተኛው 2.06፥ በሦስተኛው 1.26፥ በአራተኛው ግን 0.89 ነው። ዝቅተኛው ማርሽ ፍጥነትን ሸጦ ጉልበትን ይገዛል ማለት ነው። ይህን ዳገት ላይ የማያውቅ የለም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ማርሽ በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ጎማው ሞተሩን እየገፋ ሊያዞረው ስለሚታገል ሞተሩ ለመኪናዋ ልጓም ይሆናታል። ነዳጅ እንቆጥባለን ሲሉ ማርሹን ዜሮ አድርገው ቁልቁለት የሚወርዱ አሉ፤ እኛ ግን ይህን ቁጠባ ብለን ለመጥራት አፋችን አይደፍርም።

በ2010 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ፥ ከእንጦጦ ስንወርድ ሁለተኛው ማርሽ በራሱ ጊዜ መነቀል ጀመረ። ነዳጅ ስንሰጠው ይይዛል፤ እግራችንን ስናነሣ እጀታው ዘሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በከተማ ብቻ የምንነዳት ብትሆን ምናልባት እንታገሠው ነበር። ነገር ግን በዚያው ወር እናታችንን ለዐይናቸው ሕክምና ከደብረ ማርቆስ ልናመጣቸው ቆርጠን ነበር፤ ወገባቸውም የአውቶቡስ ወንበር አይችልም። በመካከል ያለው ዓባይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፥ ከድልድዩም ወዲያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ሲመለሱ ደግሞ መውጫው መውረጃ ይሆናል። የቮልሳችን ፍሬን በአራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ነው፤ አብዝተው ሲረግጡት ሸራው ይግላል፥ የጋለ ሸራም በሚገባ አይዝም። ሁለተኛው ማርሽ ከከዳን እናታችንን ለዚያ ሸራ ብቻ አደራ መስጠታችን ነው።

ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ «እጀታውን በእጅ ይዞ መውረድ ነው» አለን፤ ሌላው በላስቲክ ማሰር እንደሚበቃ ነገረን፤ ከዘመዶቻችንም «ሽጧትና ዕረፉ» ያለ ነበር። ዕድሜውን በካምቢዮ ላይ የጨረሰ አንድ መካኒክ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ «እጅዎ ሲደክም ማን ይይዘዋል?» ብሎ ጠየቀን። ደግሞም እጅ በእጀታው ላይ ሲያርፍ በውስጥ ያለው ሹካ በሚሽከረከረው ቀለበት ላይ ተጭኖ ይበላል፤ መድኃኒት የተባለው በሽታውን ያብሳል ማለት ነው።

ይህ ሰው ከርካሹ ጀመረ፤ እኛም የወደድንለት ይህን ነው። ማርሽ የሚነቀለው ሁልጊዜ ካምቢዮ ተበልቶ አይደለም። ከእጀታው የሚነሣው ረጅም ዘንግ በመኪናዋ ወለል መካከል አልፎ ከካምቢዮ ጋር የሚጋጠመው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ በዚያም ትንሽ ክዳን አለች። ክዳኗን ሲከፍት የመጋጠሚያው ጎማ ተበጣጥሶ አገኘው። በጥቂት ገንዘብ ለወጠው፤ ካምቢዮውን የሚሸከሙትን ጎማዎችም አየ፥ ደኅና ነበሩ። እንደገና እንጦጦ ወጥተን ወረድን፤ መነቀሉ ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ቀጥሎ ዘይቱን አፈሰሰ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ስላለው የብረቱን ብናኝ ይሰበስባል። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ብናኝ የዕድሜ ነው፥ አያስደነግጥም፤ እኛ ያየነው ግን ስንጥር ብረት ነበር፥ በዘይቱም ውስጥ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ የነሐስ ብናኝ ነበር። ነሐሱ ማርሾቹ ሳይፋጩ እንዲገጥሙ ፍጥነታቸውን ከሚያስተካክለው ቀለበት የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሳይከፍቱ መተው አይቻልም።

በቮልስ አስቀድሞ ሞተሩ ይወርዳል፤ የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ካምቢዮው ሲከፈት ተንሸራታቹ ቀለበት የሚነክሳቸው የሁለተኛው ማርሽ ጥርሶች ጫፋቸው ተበልቶ ክብ ሆኗል፤ ሹካውም ሳስቷል። ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ተመላለስን። ከአሮጌ ካምቢዮ የተፈታ ዕቃ ብዙ ቀረበልን፤ መካኒኩ እያንዳንዱን በጥፍሩ እየዳሰሰ መለሰው፥ በመጨረሻም አዲስ ተገኘ። ሞተሩ ከወረደ ዘንድ የፍሪሲዮኑን ዲስክና ኩሽኔታ አብረን አስለወጥን፤ ለዚያ ብቻ ሌላ ቀን ሞተር ማውረድ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ መክፈል ነውና። ሹካዎቹን በመለኪያ ሲያስተካክል ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ተቻኩሎ የሚሠራ ሰው የሚዘለው ይህን ሥራ ነው፥ በዚያም ምክንያት የታደሰ ካምቢዮ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ለቤተ ሰብ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ያህል ኤስ.ኤ.ኢ. 90፥ ጂ.ኤል. 4 የሚባለው ነው፤ በግራ በኩል ባለው ቀዳዳ እስከ ከንፈሩ ይሞላል፥ መኪናዋም በሜዳ ትቁም። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ልል መሆን አለበት። እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳትም ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ማርሽ በራሱ የሚቀይር መኪና ያላችሁ ደግሞ በረዥም ቁልቁለት ዝቅተኛውን ማርሽ በእጃችሁ ምረጡ፤ እርሱ ቁልቁለቱን አስቀድሞ አያይላችሁም።

ዓባይን ሁለት ጊዜ ወረድን፥ ሁለት ጊዜም ወጣን። ከደጀን ስንወርድ እናታችን ከኋላ ሆነው «ይህችስ እንደ በቅሎ እየቆነጠጠች ነው የምትወርደው» አሉ። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ መካኒኩ ባዘዘው መሠረት ዘይቱን ዳግመኛ አስለወጥን። በማግኔቱ ላይ የተገኘው ቀጭን ግራጫ ጭቃ ብቻ ነበር።