ጠገራው ሲሳሳ

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው መንገድ ቆቦ ሲደርስ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ቀኝና ግራ ቆመው የራያን ሜዳ ይጠብቃሉ። ሜዳው የማሽላ አገር ነው። የዝናቡን ጠባይ የሚያውቅ የቆላ ገበሬ ግን ተስፋውን ሁሉ በእህል ጎተራ ላይ ብቻ አልጣለም፤ የሴት ልጅ አንገትና ቁርጭምጭሚትም ሁለተኛ ጎተራ ነበር። ድሪውና አልቦው ለበዓል ጌጥ፣ ለክፉ ቀን ጥሪት ነበሩ። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን በመታ ጊዜ ወደ ገበያ ከወጣው ጥሪት አንዱ ከሰው ገላ የወረደ ብር ነበር።

ይህ ብር አብዛኛው የሩቅ አገር እንግዳ ነው። የማርያ ቴሬዛ መልክ የታተመበት ጠገራ፣ ንግሥቲቱ የሞተችበትን የ1780 እ.ኤ.አ. ዓመት እንደ ያዘ ለብዙ ትውልድ ሲመረት ኖሯል። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከገበያ ዙፋኑ ወረደ፤ ወደ አንጥረኛው ወናፍ መግባቱን ግን አልተወም። ቋንቋችን ማዕድኑንም ገንዘቡንም «ብር» ብሎ መጥራቱ ይህን የቆየ ዝምድና ይመሰክራል።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይባላል። የብር ጠባይ ግን ሌላ ነው። አንጥረኛው በፍም ላይ ፈዘዝ ያለ ቅላት እስኪይዝ ያግለዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ይቀጠቅጠዋል። ብር በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፤ እሳት ካላሳረፈው ጠርዙ ይሰነጠቃል። ከብዙ ቀጥቃጣ በኋላ ነው ገጹ እንደ ወረቀት የሚዘረጋው።

መዳመጫ መኪና ይህን ድካም ያሳጥራል። ሁለት ጠንካራ የብረት በርሜሎች ተደራርበው ይሽከረከራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በብሎን ይጠብባል፤ ብሩ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ይሳሳል። መኪናውም ቢሆን ከእሳቱ ሕግ አያመልጥም፤ በየመካከሉ ማጋል ግድ ነው። ከውሃ የወጣው ብርም በሚገባ ካልደረቀ በርሜሉን ያዝገዋል። ለስልሶ ከተዘጋጀው ብር ጋር ደረቅ ቅጠል ወይም የጥልፍ ጨርቅ አጣምሮ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ደግሞ ሥሩንና ክሩን በብሩ ላይ ያትማል። የቆቦ ማሽላ ቅጠል በብር ላይ ሥሩን ተክሎ ቢታይ፣ ጌጡ የአገሩን መልክ ያዘ ማለት ነው።

ነገር ግን ከ2 ሚሊሜትር ወደ ግማሽ ሚሊሜትር የወረደ ብር ስፋቱ አራት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ያው ነው። በዚህም ትንሽ ገንዘብ ያላት ልጅ ሰፊ አምባር ልታደርግ ትችላለች፤ ይህ በጎ ነው። በክፉ ቀን ግን ገዢ የሚመዝነው ስፋቱን ሳይሆን ክብደቱን ነው። እናቷ ያሰረችው አልቦ የሚያወጣውን እህል የእርሷ አምባር አያወጣም። ስለዚህ የአንጥረኛው ታማኝነት ከመኪናው በፊት መምጣት አለበት፤ የሚሸጠውን ጌጥ ክብደት ለገዢዋ መዝኖ ማሳየት የሙያው ክፍል ነው።

ሕዝብም ለአንጥረኛው ዕዳ አለበት። የሠራውን መስቀል ተሳልመው እርሱን «ቡዳ» ያሉት ስንቶች ናቸው! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዘመን ተሻግሯል። ሙያውን በስውር የሚሠራ ሰው ለልጁ አያወርሰውም፤ ያልተወረሰ ሙያ ደግሞ መኪና ቢገዛለትም የሚያሽከረክረው እጅ ያጣል። መዳመጫው የአንጥረኛውን ክንድ ያሳርፍ፤ ኅብረተሰቡም ስሙን ያክብር፤ ሚዛኑን ግን አንጥረኛው ራሱ በቅን እጁ ይያዝ።