የዋና አስተማሪዬ የእህቴ ልጅ ናት

እሑድ ማለዳ ነው። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት፣ በአሜሪካኖቹ ደግሞ ሰባት ሰዓት። ሲያትል ከተማ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ። ክንዴ ላይ የተወዳዳሪ ቁጥሬ፣ ባቴ ላይ ደግሞ ዕድሜዬ በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ 34። ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዌትሱት የሚባል ጥብቅ የጎማ ልብስ ለብሻለሁ።

አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከኢትዮጵያ» ስለው ፈገግ አለና፣ «በቃ፣ ሩጫው ላይ ጥለኸን ትሄዳለህ» አለኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያልነገርኩት ነገር ግን ነበር። ሩጫው ጋ ለመድረስ በመጀመሪያ 750 ሜትር መዋኘት አለብኝ። ከአሥር ወር በፊት መዋኘት ቀርቶ ፊቴን ውሃ ውስጥ ማስገባት እንኳ አልችልም ነበር።

ውድድሩ ትራያትሎን ይባላል። ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን አከታትሎ የያዘ ነው። በመካከላቸው ዕረፍት የለም፤ ሰዓቱ ውሃው ውስጥ ከገባህበት ጊዜ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይቆጥራል። ልብስና ጫማ የምትቀይርበት ጊዜ ሳይቀር ይቆጠራል። ስፖርቱ በዛሬው መልኩ የተጀመረው በ1974 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ከተማ ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ ደግሞ ኦሊምፒክ ገባ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ የሚያስበው ረጅሙን፣ አይረንማን የሚባለውን ነው። እሱ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን አለው። እኔ የገባሁት ግን «ስፕሪንት» የሚባለውን አጭሩን ነው። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው እንኳ በደንብ ከተለማመደ ሊጨርሰው ይችላል። መዋኘት ከቻለ!

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። በልጅነቴ ስሙን የማውቀው መዋኛ የጊዮን ሆቴሉን ነበር፤ እሱንም በዝና እንጂ ገብቼበት አይደለም። በኛ ቤት ውሃ የሚቀዳ፣ የሚጠጣና የሚታጠቡበት ነገር ነው። ለጨዋታ የሚገቡበት አይደለም። እናቴ የወንዝ ነገር በተነሳ ቁጥር «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት፤ እየሳቅክ ስትጫወት ሳታውቀው ጥልቁ ውስጥ ትገኛለህ ማለቷ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ አሜሪካ መጥቼ፣ ተመርቄ፣ የሶፍትዌር ሥራ ይዤ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎኝም ቢሆን ሐይቅ ዳር ስሄድ ጫማዬን አላወልቅም ነበር።

ታዲያ እንዴት ተመዘገብኩ? አፍሬ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «በሚቀጥለው ሐምሌ አብረን እንወዳደር፤ አንተማ ኢትዮጵያዊ ነህ፣ ምን ያቅትሃል?» አሉኝ። መዋኘት አልችልም ማለት ከበደኝና «እሺ» አልኩ። እውነቱን የነገርኩት ለእህቴ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ለልጇ ነገረቻት።

የእህቴ ልጅ እዚህ የተወለደች፣ አሥር ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ስለዋኘች ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ ናት። አማርኛ ትሰማለች። ድሮ ትናገርም ነበር። «ድሮ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ቤታቸው በእንግዳ ሞልቶ ነበር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጥግ ተቀምጠው ሲያወሩ ምግቡ ፊታቸው ቀዘቀዘ። እናቷ እንግዳ ስታስተናግድ የምታየው ልጅ ወደ እሳቸው ቀረበችና በሙሉ ልቧ «ነይ፣ ብዪ!» አለቻቸው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራው ከረምኩ።

አሁን ሳስበው ልጅቷ የሰማችውን ነው የተናገረችው። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ» ይሏታል። ሴት ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ ለወንድ «ና፣ ብላ»፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ «ይምጡ፣ ይብሉ» ነው የሚባለው። ነገር ግን ወንድም የላት፣ አያቶቿም ሩቅ ናቸው። ታዲያ ይህን ከየት ትስማው? ከዚያ ቀን በኋላ በአማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረች። ማናችንም ልብ አላልንም።

ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር የሕዝብ መዋኛ አለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከወገቤ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ቆሜ ጠርዙን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። በዙሪያዬ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ይንቦጫረቃሉ። የእህቴ ልጅ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረች። ሁለት ልጆች ዞር ብለው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሷም ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ «አጎቴ፣ አትፍሪ። ውሃ ውስጥ አየር አውጪ» አለችኝ።

ልጆቹ እንዳይሰሙብኝ ብላ ነው። ለኔ ገመና ብላ የተወችውን ቋንቋ አነሳችው። «አትፍሪ»፣ «አውጪ» ስትለኝ እንደ ሴት እያናገረችኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን አልሳቅኩም። ፊቴን ውሃው ውስጥ ከትቼ አየሬን አወጣሁ።

ዋናው ችግሬ ይኸው ነበር። ፊቴን ውሃ ሲነካው ትንፋሼን እይዛለሁ። እንዲህ ሲሆን የጨነቀኝ አየር ስላነሰኝ ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ ግን መጀመሪያ «ተንፍስ! ተንፍስ!» እያለ የሚያስጨንቀን በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ትንፋሹን የያዘ ዋናተኛ ይህን ጋዝ አያስወጣም። ራሱን ወደ ጎን ሲያዞር ደግሞ በዚያች አጭር ጊዜ ማስወጣቱንም ማስገባቱንም ሊያደርስ አይችልም። መፍትሔው ፊት ውሃ ውስጥ እያለ ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ ራስ ሲዞር ማስገባት ብቻ ነው። ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔን ሁለት ወር ፈጀብኝ።

መዋኛው 25 ያርድ፣ ማለትም ወደ 23 ሜትር ይረዝማል። 750 ሜትር ለመሙላት 33 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መሄድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ወር አንዱን እንኳ ሳላቋርጥ መጨረስ አልቻልኩም። በታኅሣሥ አራት ደረስኩ፣ በመጋቢት አሥራ ሁለት። በግንቦት 33ቱንም ጨረስኩ።

በነዚያ ወራት ብዙ ጊዜ ትዝ ያለኝ አበበ ቢቂላ ነው። አበበን የምናውቀው በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን በማሸነፉ፣ በ1964ም ቶኪዮ ላይ በመድገሙ ነው። እኔን የነካኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ነው። በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹን ማንቀሳቀስ አቃተው። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝ አገር ሄዶ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ያ ሁሉ ክብር የነበረው ሰው በሰው ፊት እንደገና ጀማሪ ለመሆን አላፈረም።

አንድ ቅዳሜ ከዋና ስንመለስ መኪና ውስጥ የእህቴን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ያኔ እንቁጣጣሽ ላይ ስስቅብሽ ጥፋቴ ነው» አልኳት። የረሳችው መስሎኝ ነበር። አልረሳችውም። ለረጅም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና፣ «ምንም አይደል» አለችኝ። በአማርኛ።

ወደ ውድድሩ ልመለስ።

ጥሩምባው ተነፋና ገባን። መዋኛ ውስጥ ወለሉ ይታያል፤ መስመርም አለ። ሐይቁ ውስጥ ግን ከታች ጥቁር አረንጓዴ ብቻ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የሰው እጅና እግር ከየአቅጣጫው ይመታኛል። የዌትሱቱ አንገት ያነቀኝ መሰለኝ። ወደ 150 ሜትር እንደሄድኩ የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ «እያሳሳቀ ይወስዳል»።

በአቅራቢያዬ ካያክ የምትባል ትንሽ ጀልባ ነበረች። ዋናተኞችን የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚቀዝፏት። እጄን አነሳሁ፤ መጣችልኝ፤ ጫፏን ያዝኩ። የዚህ ስፖርት ሕግ ደስ የሚል ነገር አለው። ጀልባዋ ወደፊት እስካልወሰደችህ ድረስ ይዘሃት ማረፍ ትችላለህ፤ ከውድድር አትወጣም። በፈለግከው አዋዋኝም፣ በጀርባህም ቢሆን መዋኘት ትችላለህ። ሕጉን ከወር በፊት አንብቤው «ይሄ ለኔ አያስፈልግም» ብዬ አልፌው ነበር።

ቀዛፊዋ ወጣት አልሳቀችም፤ አልተቻኮለችም። «ጊዜ አለህ» ብቻ አለችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ለራሴ በሴት አነጋገር «አየር አውጪ» አልኩ። አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ጀልባዋን ለቅቄ ዋኘሁ። ከውሃው ስወጣ 24 ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ቀጥሎ ብስክሌቶቹ ወደተደረደሩበት ቦታ ሮጥኩ። እዚያ ሄልሜትህን ሳታስር ብስክሌትህን ከመስቀያው ማንሳት ክልክል ነው። እኔ ግን ከሄልሜቱ ይልቅ ካልሲው አስቸገረኝ፤ እርጥብ እግር ላይ እምቢ አለ። ብስክሌቱን 50 ደቂቃ ነዳሁት። በመንገዱ ላይ ባታቸው ላይ 68 የተጻፈባቸው አንዲት ሴትዮ እንደ ነፋስ አልፈውኝ ሄዱ። በኛ ባህል የትልቅ ሰው ዕድሜ አይጠየቅም። እዚህ ግን ጽፈውት ያልፉሃል።

ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ የራሱ ችግር አለው። በሙያዬ ይህን አውቀዋለሁ። እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል ለብቻው ሲፈተን ይሠራል፤ ሲገጣጠም ግን ይበላሻል። እግሬም እንደዚያ ነው። ለአንድ ሰዓት ገደማ ፔዳል ሲገፋ የቆየ እግር በድንገት ሩጥ ሲባል የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ለዚህ ነው ትራያትሎን የሚለማመዱ ሰዎች ብስክሌትና ሩጫን አያይዘው የሚሠሩት። እኔም ብሠራም ያን ቀን እግሬ እንጨት ሆነብኝ።

ቀነኒሳ በቀለ በ2004 አምስት ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ጨርሷል። እኔ በዚያን ያህል ጊዜ ሁለተኛውን ኪሎ ሜትር ገና ማለፌ ነበር። የጠዋቱ ሰውዬም ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደርሶብኝ አለፈኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ምንም አላነሳም።

አማርኛ እየተማራችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር ልበላችሁ። ስትናገሩ የሳቅንባችሁ ካለን ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የኛ ነው። ብዙዎቻችን የሳቅነው በፍቅር ነው፤ ልጅ ግን ይህን አይለይም። እኔም ውሃ ውስጥ ሆኜ አንድ ሰው ቢስቅብኝ ኖሮ ወጥቼ አልመለስም ነበር። ጀልባዋን መያዝ ከውድድር አያስወጣም። ተሳስቶ መናገርም እንደዚያው ነው። ዝም ማለት ግን ያስወጣል።

መጨረሻው መስመር ላይ እህቴና ጓደኞቿ ቆመው ነበር። አሥር የሚሆኑ የኛ ሰዎች፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በፎጣ ተጠቅልሎ። ከነሱ ፊት የእህቴ ልጅ ትዘላለች። ሁሉም እየሰማት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «አጎቴ፣ በርቺ! በርቺ!» እያለች ትጮሃለች።

አንዲት ሴትዮ ልትስቅ ስትል እህቴ በክርን ነካ አደረገቻት። ለወንድ «በርታ» እንደሚባል ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ መኪና ውስጥ እነግራታለሁ። ያን ጊዜ ግን የቀረኝ መቶ ሜትር ነበር፤ እንዳለችኝ በረታሁ። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ከ53 ደቂቃ ይላል። ለእናቴ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያናገረቻት ግን የልጅ ልጇ ናት፦ «እማማ፣ አጎቴ ዋኘች!»